ስለ ቦዞን ኮከብ

ካርል ሽቫርዝሺልድ በ1916 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) የአይንስታይንን የስበት ቀመር ፈትቶ መንገዱን ከጠረገ፣ ሮጀር ፔንሮዝም በ1965 በራሱ ክብደት የሚወድቅ አካል ብርሃን ከማያመልጠው አድማስ ውስጥ አንድ ጊዜ ከገባ ፍጻሜው ቀመሩ ራሱ ትርጉም የሚያጣበት ሥፍራ መሆኑን ካስረዳ ወዲህ፣ በሰማይ ያለውን ግዙፍና ጨለማ አካል ጥቁር ጉድጓድ ብሎ መጥራት የሊቃውንት ልማድ ሆኗል። ልማዱ ጽኑ መሠረት አለው፤ ሆኖም ያው ቀመር ሳይነካ፣ አድማስም ያ የጥፋት ሥፍራም ሳይኖርበት፣ ብዙ ክብደት በጠባብ ቦታ የሚሸከም ሌላ ህላዌ ሊኖር እንደሚችል ዴቪድ ካውፕ በ1968፣ ሬሞ ሩፊኒና ሲልቫኖ ቦናዞላም በ1969 በስሌት አሳይተዋል።

ይህ ህላዌ የቦዞን ኮከብ ይባላል፤ የሚታነጸውም ከስኬላር መስክ ነው። የቤት ውስጥ ሙቀት በምድጃው አጠገብ ከፍ፣ በደጃፉ ዝቅ እንደሚል፣ ስኬላር መስክም በእያንዳንዱ የኅዋ ነጥብ ላይ መጠን እንጂ አቅጣጫ የለውም፤ በ2012 ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል የተገኘው የሂግስ ቅንጣት የዚህ ወገን ነው። ፀሐይን ከመውደቅ የሚጠብቃት የውስጧ ግለት ሲሆን፣ የቦዞን ኮከብ ግን እሳት የለውም፤ ቦዞን የሚባሉት ቅንጣቶቹም እንደ ኤሌክትሮኖች ቦታ አይከላከሉም፣ ሁሉም በአንድ ጠባይ ተባብረው እንደ አንድ ሞገድ ይኖራሉ። ታዲያ ምን አቆመው ቢሉ፣ ሃይዘንበርግ ያስተማረው ሕግ ነው፤ ሞገዱን በጠባብ ሥፍራ ባጨናነቁት መጠን እንቅስቃሴው ይበረታልና፣ ስበት ወደ ውስጥ ሲጨብጠው እርሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ገጽ የለውም፤ ዳርቻው እየሳሳ ይጠፋል፤ ብርሃንም በመካከሉ አልፎ ይወጣል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ መስኩ ያለ ዕረፍት እየተወዛወዘ ስበቱ ፍጹም ረግቶ መኖሩ ነው።

ቅንጣቱ በቀለለ መጠን ኮከቡ ይከብዳል። በጋላክሲያችን እምብርት ያለው፣ 4 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው አካል ያልተወሳሰበው ዓይነት የቦዞን ኮከብ ቢሆን፣ ቅንጣቱ ከኤሌክትሮን ከ10 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ የቀለለ መሆን ይገባዋል፤ እንዲህ ያለ ቅንጣት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የዚህ ሐሳብ መፈተኛው፣ ግዙፍ አካላት ሲጋጩ የሚነሣው የስበት ሞገድ ነው። በ2019 ላይጎና ቪርጎ የተባሉት የስበት ሞገድ መመዝገቢያዎች አንድ እጅግ አጭር ሞገድ መዘገቡ፤ የሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ግጭት ነውም ተባለ። በ2021 ግን አንድ የተመራማሪዎች ጓድ፣ የቦዞን ኮከብ ዘመድ የሆኑትና መስካቸው አቅጣጫ ያለው የፕሮካ ከዋክብት ቢጋጩም ያንኑ ሞገድ እንደሚያስረዱ በስሌት አቀረበ። በአንድ ምስክር ፍርድ አይሰጥም። የሐሳቡ ክብር ግን ራሱን ለፍርድ ማቅረቡ ነው፤ ቅንጣቱ በእውነት ካለ ክብደቱ በጠፈር ሁሉ አንድ ነውና፣ ከሌሎች የፕሮካ ግጭቶች የሚሰላው ክብደት ከዚህኛው ጋር የግድ መስማማት አለበት።