ከክፍሉ 1ኛ የወጣው ልጅ ምን ያህል ያውቃል?

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ኩረጃው፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህራኑ ኑሮ፣ ሁሉም በምክንያትነት ተነስቷል። እምብዛም ያልተነሳው፣ በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም በየክፍሉ 1ኛ የወጣ ልጅ መኖሩ ነው። ካርዱ ለዓመታት ጎበዝ ነህ ሲለው ኖሯል፤ ወላጆቹም አምነዋል።

በጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ ካርድ ቀላል ወረቀት አይደለም። የገጠር ቤተሰብ ልጁን ከተማ አስገብቶ ቤት የሚከራይለት፣ ስንቅ የሚያመላልስለት ደረጃውን አይቶ ነው። የትኛዋ ልጅ ትማር፣ የትኛዋ ትዳር ትያዝ የሚለውም በዚያው ሲወሰን ይታያል። በገበያ ቀንና በአጨዳ ወቅት ከትምህርት የምትቀር ልጅ፣ ከክፍሉ ሁሉ ፈጥና የምታነብ ብትሆን እንኳ፣ ካርዷ ላይ 12ኛ ተብላ ልትገኝ ትችላለች።

ደረጃ ልጁን አብረውት ከተቀመጡት ጋር እንጂ ከትምህርቱ ጋር አያስተያየውም። ተከታታይ ምዘና የታሰበው ልጁ የገባውንና ያልገባውን በየጊዜው ለመለየት ነበር። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ግን ነጥብ ወደ መሰብሰብ ወረደ፤ ለደብተር ይህን ያህል፣ ለቡድን ሥራ ይህን ያህል። በቡድን ሥራው ጎበዙ ይሠራል፣ ነጥቡ ለሁሉም ይደርሳል። ይህ ልጅ 98 ሲያመጣ ከዚያ በላይ ምን መሥራት እንደሚችል የሚነግረን የለም፤ የሚከብደውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውምና። ሳይለፋ ማለፍን ይለምዳል። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 በኋላ ስለቀረ፣ ከ8ኛው ሚኒስትሪ እስከ 12ኛው ማትሪክ ድረስ ትምህርት ቤቱ ያላወጣው ፈተና አይገጥመውም። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ ሳይለፋ ማለፍን መልመዱ ይመስለኛል።

ይህ አገር ግን ሌላ ዓይነት ምዘና ያውቃል። ቢቸና አካባቢ ባለው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎች የጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ሲበቃ ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። የፈጠነው የዘገየውን አይጠብቅም፣ የዘገየውም አይገፋም። ቅኔ ቤቱ ለሴቶች ልጆች በሩን እምብዛም ባይከፍትም፣ ተማሪውን በችሎታው ልክ የማሳደግ ዘዴው ዛሬም ይጠቅመናል። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ድሮ ደብል መትቶ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል የሚያልፍ ልጅ ነበር።

ስለዚህ ወላጅ ካርድ ሲቀበል ደረጃውን አይቶ ባይመለስ ጥሩ ነው። የታረመውን የፈተና ወረቀት ልይ ማለት ይችላል። ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁን ከሚቀጥለው ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ አስነብቦ፣ ያነበበውን በራሱ አነጋገር እንዲያወራው ማድረግ አያቅተውም። የክፍል ኃላፊውን «መምህር፣ ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ከማለት «ምን ይከብደዋል? የሚከብድ ነገር ይሰጠዋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። መልስ ካጣ ጉዳዩን ለወላጅ መምህር ኅብረት ማቅረብ ድፍረት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ሰባ ልጅ የያዘ መምህር ለአንዱ ለብቻው ጥያቄ ማውጣት ቢከብደው አይፈረድበትም፤ የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ ማዋስ ግን ብዙ አይጠይቅም።

ልጁ ምን ያህል ያውቃል የሚለው ጥያቄ አሁን የባሰ አጣዳፊ ሆኗል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በተከፈቱበት ቦታ ልጆች የሚመዘገቡት ባቆሙበት ክፍል ከሆነ፣ በቤቱ የታላቁን መጽሐፍ ሲያነብ የከረመው ልጅ ያወቀውን እንደገና ሊማር ነው፤ ፊደል የጠፋበትም የማይገባው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ወላጅ «መጀመሪያ ፈትኑልኝ፣ ከዚያ መድቡት» ማለት ያለበት በምዝገባው ቀን ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ክፍል ማስቀየር ይከብዳል።