ጥንተ አምሳል በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ
(የጠፋው ልጅ፣ አልዓዛርና ሞኙ)

ሥነ ጽሑፍ ስንማር «አርኪታይፕ» የሚል ቃል ያጋጥመናል። ቃሉ ከበድ ይበል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ትውልድ ከትውልድ ሲቀባበለው የኖረ፣ አንባቢው ገና ስሙን ሲሰማ የሚያውቀው የሰው ወይም የታሪክ አምሳያ ማለት ነው። እኛ እዚህ «ጥንተ አምሳል» እንበለው። የጠፋው ልጅ፣ ከሞት የተነሣው አልዓዛር፣ ሕፃናትን ያስፈጀው ሄሮድስ የዚህ ዓይነት ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሩሲያ ደራስያን እነዚህን አምሳያዎች አዘውትረው ተጠቅመውባቸዋል። አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ስለነበረ፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ ታሪኮቹን ከቤተ ክርስቲያን ሰምቷቸዋል። ታዲያ ደራስያኑ እንዳለ ገለበጧቸው ወይ ቢባል፣ የለም። የታወቀውን አምሳያ አምጥተው ከኑሮ ጋር ያጋጩታል። ብልሃታቸውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛው የጠፋው ልጅ ነው። አሌክሳንደር ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳተመው «የጣቢያው ሹም» በተባለ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ሳምሶን ቪሪን የሚባል ድኻ ሹም አለ። ሥራው ለመንገደኞች የፖስታ ፈረስ መቀየር ነው። በቤቱ ግድግዳ ላይ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ታሪክ በሥዕል ተሰቅሏል። አንድ ቀን ሚንስኪ የተባለ መኮንን የታመመ መስሎ እቤቱ ይተኛና በመጨረሻ የሹሙን ልጅ ዱንያን ይዟት ወደ ፒተርስበርግ ይሄዳል። አባት በእግሩ ተጉዞ ሊመልሳት ቢሞክር መኮንኑ ብር እጅጌው ውስጥ ሸጉጦ ያስወጣዋል። ሹሙም «ልጄ አንድ ቀን ተዋርዳ መንገድ ላይ ትቀራለች» በሚል ሐዘን ሲጠጣ ይሞታል። ዱንያ ግን አልተዋረደችም። ከዓመታት በኋላ በስድስት ፈረስ በሚሳብ ሠረገላ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ትመጣና በአባቷ መቃብር ላይ ተደፍታ ትቆያለች። በወንጌሉ ልጁ ተርቦና ተጎሳቁሎ ሲመለስ አባት ሮጦ ያቅፈዋል። እዚህ ግን ልጅቱ ባለጸጋ ሆና ስትመለስ የሚያቅፋት አባት የለም። ሹሙ የግድግዳውን ሥዕል አምኖ የልጁን ዕጣ አስቀድሞ ፈረደ ብንል አንሳሳትም።

ሁለተኛው አልዓዛር ነው። ፍዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1866 በወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ፣ ራስኮልኒኮቭ የሚባል ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣት አንዲት አራጣ አበዳሪ አሮጊትንና እኅቷን ሊዛቬታን በመጥረቢያ ይገድላል። ከዚያም ቤተሰቧን ለማብላት ገላዋን ለመሸጥ የተገደደችው ሶንያ ዘንድ ሄዶ የአልዓዛርን ታሪክ አንብቢልኝ ይላታል። ሶንያ ሟቹ አራት ቀን በመቃብር መቆየቱን የሚናገረው ላይ ስትደርስ «አራት» የሚለውን ቃል አጥብቃ ትጠራዋለች። አራት ቀን የቆየ ሬሳ ከተነሣ፣ ነፍሰ ገዳይስ ለምን አይነሣም? እንደማለት ነው። የሚያስደነግጠው ደግሞ፣ የምታነበውን መጽሐፍ ያመጣችላት ያቺው የተገደለችው ሊዛቬታ መሆኗ ነው! ትንሣኤውም እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ራስኮልኒኮቭ ወንጀሉን አምኖ፣ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ሳይቤሪያ ወርዶ፣ እዚያም ብዙ ጊዜ ሳይጸጸት ከቆየ በኋላ ነው ልቡ የሚነቃው። ደራሲው ግዞትን በወሬ አይደለም ያወቀው። በ1850 ወደ ኦምስክ እስር ቤት ሲወሰድ ቶቦልስክ ላይ የግዞተኞች ሚስቶች አንድ አዲስ ኪዳን ሰጥተውታል። በ1881 እስከ ሞተበት ቀን ድረስም አልተለየውም።

ሦስተኛው ሩሲያውያን «ዩሮዲቪ» የሚሉት ነው። ስለ ክርስቶስ ብሎ ክብሩን ጥሎ እንደ ሞኝ የሚኖር ሰው ማለት ነው፤ ሐሳቡ ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 4 የመነጨ ነው። በሞስኮ ቀይ አደባባይ ያለው ባለ ብዙ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን በሰፊው የሚታወቀው ከእነዚህ በአንዱ፣ በቅዱስ ቫሲሊ ስም ነው። በፑሽኪን «ቦሪስ ጎዱኖቭ» ተውኔት ውስጥ ልጆች ሳንቲሙን የቀሙት አንድ ሞኝ ንጉሡን ፊት ለፊት የሕፃኑ አልጋ ወራሽ ገዳይ ያደርገዋል። ጸልይልኝ ቢለውም ለሄሮድስ አልጸልይም ይለዋል። መኳንንቱ የሚፈሩትን ሞኙ ተናገረው። (በ1591 የሞተውን ሕፃን ድሚትሪን ቦሪስ ማስገደሉ በታሪክ አልተረጋገጠም፤ ፑሽኪን የተከተለው የካራምዚንን የታሪክ መጽሐፍ ነው።)

ዶስቶየቭስኪ ደግሞ በ1868 መታተም በጀመረው «ጅሉ» በተባለው ልብ ወለዱ ይህንኑ አምሳያ ዘመናዊ ልብስ አልብሶ ባቡር ላይ ያሳፍረዋል። ልዑል ሚሽኪን ከስዊዘርላንድ ሕክምና ሲመለስ አብሮት የተሳፈረው ሮጎዥን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ዩሮዲቪ ይለዋል። ሚሽኪን ማንንም አይጠላም፣ ሁሉን ይቅር ይላል። ነገር ግን ገንዘብና ቅናት በሠለጠነበት ከተማ ደግነቱ ሰው ማዳን ያቅተዋል። ሊያድናት የፈለገው ናስታስያ ፊሊፖቭና በሮጎዥን ቢላዋ ትሞታለች፤ እሱም አእምሮው ተሰውሮ ወደ መጣበት ሐኪም ቤት ይመለሳል። አንዳንዶች ይህን የደግነት ሽንፈት ይሉታል። እኛ ግን የተሸነፈው ከተማው ነው እንላለን፤ ደግ ሰው መጥቶለት ጅል ብሎ መልሶታልና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእጩ መምህራን ምን ይረባል? ሁለት ነገር ይመስለናል። በመጀመሪያ፣ ልብ ወለድ ስናስተምር «ይሄ የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው» ብሎ ማለፍ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ «ደራሲው የቱን ለወጠው? ለምንስ ለወጠው?» ብሎ ተማሪውን መጠየቅ ነው። የዱንያ አባት በሕይወት ቆይቶ ቢሆን ምን ይላት ነበር? ብለን ብንጠይቅ ዝም የሚል ክፍል ያለ አይመስለንም።

ሁለተኛው ከመጽሐፍ ውጭ ነው። ነገ በምንገባበት ክፍል ውስጥ «ጅል»፣ «የጠፋ»፣ «ይሄ እንኳ አይለወጥም» የተባለ ልጅ አናጣም። ስም ማውጣት ቀላል ነው። የወጣው ስም ግን እንደ ሹሙ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ እኛም እሱን እያየን ልጁን ማየት እንተዋለን። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ዓይናችንን ከሥዕሉ ነቅለን ልጁን ራሱን እንየው።