ኮዱን ከነሰነዱ ማሻገር፦ ከሰብቨርዥን ወደ ጊት



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በየዓመቱ ከጀመዓችን ተመራቂዎች ይወጣሉ። የሠሯቸው ነገሮች ግን ይቀራሉ፦ የሶላት ሰዓት ማሳያው፣ የኪታብ ማዋሻ መዝገቡ፣ የሒጅራ ቀን መቁጠሪያው። ዛሬ ልደታ ግቢ ያለን ተማሪዎች አብዛኞቻችን ኮድ የምናስቀምጠው በጊት ነው። ከቀደሙት የምንረከበው አንዳንዱ ሥራ ግን የተቀመጠው በሰብቨርዥን ነው። የመጨረሻውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ በጊት ውስጥ መጣል 5 ደቂቃ አይፈጅም። የሚጠፋው ግን ብዙ ነው።

ምን ይጠፋል?

የቨርዥን ኮንትሮል ሥርዓት እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሠራው ይመዘግባል። አንዱ ምዝገባ ኮሚት ይባላል። በቀን መቁጠሪያው ኮድ ውስጥ አንድ ቀን የሚጨምር መስመር አለ እንበል። ይህን መስመር ብቻውን ያየ ተረካቢ ስህተት መስሎት ሊያጠፋው ይችላል። ኮሚቱን ያነበበ ግን ጨረቃ በመታየቷና ባለመታየቷ ምክንያት የተጨመረ ማስተካከያ መሆኑን ያውቃል።

መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ ይህ አይገርመንም። ሐዲስ ያለ ኢስናድ አይመዘንም፤ ከሰንሰለቱ አንድ ሰው ከጎደለ ሰነዱ ተቆርጧል እንላለን። ኮሚት በርግጥ ሐዲስ አይደለም፤ ምሳሌው ለማስረዳት ያህል ነው። ግን የሰው ልፋት ከነስሙ ማስተላለፍ አማና መሆኑን ማንም አይክድም።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም

የጤና ሚኒስቴራችን ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሶፍትዌር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ነው። ከሚያውቃቸው የቀን አቆጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያውና የሒጅራው ይገኙበታል። ኮዱ ቀድሞ ላውንችፓድ ላይ በባዛር ይቀመጥ ነበር፤ በኋላ ወደ ጊትና ጊትሀብ ተዛወረ። የሊኑክስ ከርነልም እ.ኤ.አ. በ2005 ቢትኪፐርን ትቶ ሲወጣ ነው ጊት ራሱ የተወለደው። አንዳንዱ ደግሞ የሚዛወረው ተገዶ ነው፦ ጉግል ኮድ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ፤ ቢትባኬትም በ2020 ሜርኩሪያልን ማስተናገድ አቆመ። እንዲህ ሲሆን ሥራውን ቀድሞ ያላወጣ ሰው ሊያጣው ይችላል።

በሰብቨርዥን ታሪኩ የሚኖረው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ከተበላሸና ባክአፕ ከሌለ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። በጊት ግን ክሎን ያደረገ ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይይዛል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ዶርም ውስጥም ኮሚት ማድረግ ይቻላል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1. አሮጌውን ማቆም። ቀን ቆርጠን ለሁሉም እናሳውቅ፤ ከዚያ ሰብቨርዥኑ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ይሁን። ሙሉውን በ«ኤስቪኤንአድሚን ደምፕ» አውጥተን በ2 የተለያዩ ቦታዎች እናስቀምጥ። ዝውውሩንም ከዚሁ ቅጂ ላይ በራሳችን ኮምፒውተር መሥራት ይሻላል፤ «ጊት ኤስቪኤን» ኮሚቶቹን አንድ በአንድ ስለሚያመጣ በኔትወርክ በኩል በጣም ይዘገያል። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ «ጊት ኤስቪኤን ፌች» ብለን ካቆመበት እንቀጥላለን።

2. የስም ዝርዝር ማዘጋጀት። ሰብቨርዥን የሚይዘው የተጠቃሚ ስም ብቻ ነው፤ ጊት ግን ሙሉ ስምና ኢሜይል ይፈልጋል። በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ የተጠቃሚው ስም፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ሙሉ ስምና ኢሜይል ይጻፋል። ኢማም ሙስሊም የራዊዎችን ስምና ኩንያ የሚለይ ኪታብ የጻፉት በኩንያ ብቻ የሚታወቀው ሰው ማን እንደሆነ እንዲለይ ነበር፤ የኛም ፋይል ሥራው ይኸው ነው። አንድ ስም ከጎደለ ዝውውሩ ይቆማል፤ ይህም መልካም ነው። ስሙን የማናውቀው ካለ የቀደሙትን ተመራቂዎች እንጠይቅ እንጂ በግምት አንሙላ። ኢሜይላቸው ለሕዝብ በሚታይ ቦታ እንዲወጣ መፍቀዳቸውንም እንጠይቅ።

3. አደረጃጀቱን ማየት። በተለመደው አሠራር ሰብቨርዥን ውስጥ ትራንክ፣ ብራንችስና ታግስ የሚባሉ 3 ፎልደሮች አሉ። እንዲህ ከሆነ «ስታንዳርድ ሌይአውት» የሚለው አማራጭ ይበቃል። ፎልደሮቹ ሌላ ስም ካላቸው አንድ በአንድ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ብራንቾቹ እንደ ተራ ፎልደር ይገባሉ።

4. ሰዓቱንና የድሮ ቁጥሮቹን መወሰን። ሳንነግረው ከተውነው ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይመዘገባል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሠራ ሥራ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ በፊተኛው ቀን ይታያል። «ሎካል ታይም» የሚለው አማራጭ ይህን ያስተካክላል። በተጨማሪም «ኖ ሜታዳታ» የሚለው አማራጭ ከኮሚቱ መልእክት ሥር የሚጻፈውን የሰብቨርዥን ቁጥር ያስቀራል፤ መልእክቱ ያምራል። ነገር ግን በድሮ ማስታወሻዎቻችን «ቁጥር 214ን ተመልከት» የሚል ካለ ቁጥሩን ማቆየት ይበጃል።

5. ማጽዳት። ታጎቹ የሚመጡት እንደ ሩቅ ብራንች ስለሆነ ወደ እውነተኛ ታግ እንቀይራቸው። ሰብቨርዥን እንዲዘላቸው የተነገሩት ፋይሎች በ«ክሪኤት ኢግኖር» ወደ ጊት ዝርዝር ይገባሉ። ጊት ባዶ ፎልደር አያስቀምጥም። ጊትሀብም ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። በታሪኩ ውስጥ የይለፍ ቃል ተጽፎ ከተገኘ ሳንውል ሳናድር እንቀይረው፤ ታሪኩ ሲሻገር እሱም አብሮ ይሻገራልና።

6. ማመሳከር። የመጨረሻውን ፎልደር ከሁለቱም አውጥተን እናነጻጽር። የታጎቹን ቁጥር እንቁጠር፤ የመጀመሪያውን ኮሚት፣ ከመሐልም ጥቂቶቹን ከፍተን እንይ። በአማርኛ የተጻፉት መልእክቶች ፊደላቸው መነበቡንም እናረጋግጥ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ብቻ አባላት አዲሱን ክሎን ያድርጉ።

አሮጌውን ቅጂ ግን አንጣለው። ስህተት ከወራት በኋላም ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የምንመለስበት እሱ ነው። የስም ዝርዝሩንና የተጠቀምንባቸውን ትእዛዞች እዚያው ሪፖዚተሪ ውስጥ ጽፈን ብናስቀምጥ ደግሞ ከኛ በኋላ የሚመጡት ምን እንዳደረግን ሳይጠይቁን ያውቃሉ።

አላህ ከቀደሙን ልፋታቸውን ይቀበላቸው፤ እኛንም አማናን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።