ወላጅና መምህር ስለ አንድ ልጅ ሲመካከሩ

አምስቱም ጣት እኩል አይደለም ይባላል። ስለ ሰው ልጅ ልዩ ልዩ ጠባይ በተነጋገርን ቁጥር ይህን ቃል እንጠቅሰዋለን፤ ዳሩ ግን ልጆቻችንን አንደኛ ክፍል ባስገባን ጊዜ ቃሉን ረስተን ሁሉም እኩል እንዲቀመጡ፣ እኩል እንዲጽፉ፣ እኩል እንዲመልሱ እንፈልጋለን። አብዛኞቹ ልጆች ቀስ በቀስ ይለምዱታል። ጥቂቶቹ ግን አእምሯቸው የሚሠራበት መንገድ ከሌሎቹ የተለየ ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ ሊለምዱት አይቻላቸውም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ እነዚህ ልጆች፣ ይልቁንም ወላጆቻቸውና መምህራኖቻቸው ተመካክረው ሊያደርጉላቸው ስለሚችሉት ነገር ነው።

እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው ያልን እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ ኦቲዝም ያለባቸውን እናገኛለን። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት ሊቸግረው፣ የሰማውን ቃል እየመላለሰ ሊናገር ወይም ከነጭራሹ ላይናገር፣ የለመደው ነገር ሲለወጥበት እጅግ ሊጨነቅ ይችላል። ሁለተኛው ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ የሚያቅተው፣ መቀመጫው እንደ እሳት የሚፋጀው ልጅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በንግግርና በጨዋታ ከጓደኞቹ የማያንስ ሆኖ ሳለ በፊደል ገበታ ፊት ሲቆም «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ» ለመለየት ብዙ ወራት የሚፈጅበት፣ ዲስሌክሲያ የተባለው የንባብ ችግር ያለበት ልጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ያህል ኦቲዝም ነበረበት። ይህን 1000 ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት ብናሰላው 7 ወይም 8 ልጆች ይሆናሉ። ሌሎቹ ሁለት ዓይነቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ በብዙ ከፍ ይላል። እንግዲህ «በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» የሚል ርእሰ መምህር ቢኖር፣ ወይ ልጆቹን አላወቃቸውም፣ ወይም ልጆቹ ከቤት ቀርተዋል ማለት ነው።

ከቤት የሚያስቀራቸው ዋናው ነገር ሐፍረት ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የእንዲህ ያለውን ልጅ ሁኔታ የእርግማን፣ የቡዳ ወይም የወላጅ ኃጢአት ውጤት አድርጎ ያየዋል። እናቲቱም ጎረቤት እንዳያይባት በሯን ትዘጋለች። ይህ የእኛ ነውር ብቻ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የ11 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ኦቲዝምን ካስታወቀ በኋላ፣ ሠልጥነናል በሚሉት አገሮች ሳይቀር የልጁ ችግር የመጣው ከእናቱ ፍቅር ማነስ ነው የሚል ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ተስፋፍቶ ነበር። ይህን ሐሳብ ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ሲሆን፣ እርሱም ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ ችግሩ ከተፈጥሮ እንጂ ከአስተዳደግ የመጣ አለመሆኑን የሚያስረዳውን መጽሐፉን በ1964 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። በእንግሊዝም በ1962 (እ.ኤ.አ.) ሎርና ዊንግን የመሰሉ ወላጆች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ወላጅ ተወቃሽ ሆኖ ሲቀርብ ሁሉም እንደሚዘገይ፣ ረዳት ሆኖ ሲቀርብ ግን ነገሩ ወደ ፊት እንደሚራመድ ነው።

በእኛም አገር መንገዱን የጠረገችው እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው አልቀሩም፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ ስለ ኦቲዝምም በአደባባይ እየተናገሩ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ከተዘጋ ቤት እንዲያወጡ አደፋፈሩ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ሥራቸው ሕያው ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ ማዕከል ብቻውን ለሁሉም አይዳረስም። ደግሞም መንግሥታት በ1986 ዓ.ም. በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ ተሰብስበው የተስማሙት፣ ማንኛውም ልጅ እንደ አቅሙ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ነው። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች። ሕጉ በሩን ይከፍታል፤ ልጁን እጁን ይዞ የሚያስገባው ግን ሰው ነው። ያም ሰው ወላጅና መምህር ነው።

ታዲያ ምክክሩ እንዴት ይጀመር? ብዙ ጊዜ እናት ወደ ትምህርት ቤት የምትጠራው ልጇ ሲያጠፋ ብቻ ነው። «ወይዘሮ፣ ልጅዎ አስቸገረን፤ አንድ ነገር ያድርጉ» ስትባል አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጥሪው ሲደርሳት ትቀራለች። መምህሩ ግን «እርስዎ ልጁን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ ሲጨነቅ በቤት ምን ያረጋጋዋል? ምንስ ደስ ይለዋል?» ብሎ ቢጀምር፣ ያቺው እናት ወንበሯን ቀረብ አድርጋ ብዙ ነገር ትነግረዋለች። ልጁ ድንገተኛ ድምፅ እንደሚያስፈራው ከተነገረው፣ መምህሩ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ያስጠነቅቀዋል፤ በሰልፍ ጊዜም ከጩኸቱ ራቅ ብሎ ከጠርዝ ያቆመዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። መምህሩ በየቀኑ ሁለት መስመር ይጽፍበታል፤ መጀመሪያ ልጁ ያሳካውን፣ ከዚያም ያስቸገረውን። ቤተ ሰቡም የሌሊቱን እንቅልፍና የማለዳውን ሁኔታ ጽፎ ይመልሰዋል። እናቲቱ ማንበብ ባትችል ታላቅ ልጅ ያነብላታል፤ ይህም ካልሆነ በየሳምንቱ ዓርብ በበሩ ላይ የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ወሬ ይበቃል። ዋናው ነገር ቤትና ትምህርት ቤት በአንድ ቃል መናገራቸው ነው። መምህሩ የዕለቱን ሥራ በተራ በሥዕል አድርጎ የሚያሳየው ልጅ፣ በቤቱም ፊት መታጠቡንና ቁርሱን በዚያው ዓይነት ሥዕል ቢያይ ቶሎ ይረጋጋል። መቀመጥ ለማይችለው ሰሌዳ ማጥፋትንና ጠመኔ ማምጣትን የመሰለ ሥራ መስጠት፣ ማንበብ ለሚቸግረው ደግሞ ፈተናውን በቃል መጠየቅ ብልኅነት እንጂ አድልዎ አይደለም። በትር ግን አእምሮን አያቃናም፤ ልጁን ከደብተሩ ጋር ያጣላዋል እንጂ።

የመምህሩንም ችግር መዘንጋት አይገባም። በክፍሉ 50 እና ከዚያም በላይ ልጆች ያሉት መምህር ለአንዱ ጊዜ ከወዴት ያመጣል? የሌሎች ልጆች ወላጆችስ «የእኛ ልጅ ትምህርት ተደናቀፈ» ቢሉ ምን ይመልሳል? ይህ የእርሱ ብቻ ሸክም ሊሆን አይገባም። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ጉዳዩን በስብሰባው ላይ አንሥቶ ለሌሎቹ ወላጆች ማስረዳት፣ በክፍሉ የሚረዳ ሰው መፈለግ የኅብረቱ ተግባር ነው። በሥዕል የተደረገ የሥራ ተራና አጭር ትእዛዝ ደግሞ ለተቀሩትም ልጆች እንደሚጠቅም ያየ ወላጅ ተቃውሞው ይበርዳል።

ወላጆችም ዕውቀት ያሻቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ በአገራችንም በአዲስ አበባና በጎንደር በኩል በምትገኘው በጭልጋ ተሞክሯል። በጨዋታና በቤት ሥራ መካከል ልጅን እንዴት ማነጋገር እንደሚቻል ያስተምራል። በገጠር የምትኖር እናት እንኳ ይህን ልትማር መቻሏ ታላቅ ተስፋ ነው።

ልጅን ሲወዱት ከነ ንፍጡ ነው ብለው አበው የተናገሩት ለእናት ብቻ አይመስለንም፤ ለመምህርም ነው። በመጪው የምዝገባ ወራት እንዲህ ያለ ልጅ የያዘች እናት ወደ ትምህርት ቤት በር በመጣች ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህን ልጅ የት እንላከው?» የሚል ሳይሆን «ስለ ልጅዎ ይንገሩን» የሚል እንዲሆን ያስፈልጋል እንላለን።