ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ዋሽንግተን ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ እናት ሌሊቱን ሲበሩ አድረው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ «ደረስን እንዴ?» ይላሉ። ገና ናቸው፤ በዚህኛው በረራ መሃል ላይ ማረፊያው ደብሊን ነው። ተሳፋሪው ከመቀመጫው ሳይነሳ ነዳጅ ይቀዳና ጉዞው ይቀጥላል። ሲመለሱ ግን አንዴ ከተነሱ ማረፊያቸው ቦሌ ነው። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ ለምን?

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል 7,180 ይሆናል፤ አብራሪዎቹ ግን በባሕር ማይል ስለሚቆጥሩ 6,240 ይላሉ። አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው።

አጭሩ መስመር ስል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ የሚሰመረውን ማለቴ አይደለም። እሱ በቻድና በማሊ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። ቤት ውስጥ የልጆች ሉል ካለ ክር አምጡና አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክሩ ወደ ሰሜን ሸሽቶ በሱዳንና በሊቢያ ያልፍና በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። ድቡልቡሏን ምድር ወረቀት ላይ ሲዘረጓት ሰሜኑ ስለሚለጠጥ ነው ዓይናችን የሚታለለው።

ደብሊን የተመረጠችውም ያለ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደምሩት፤ ጭማሪው 270 ብቻ ነው፣ በመኪና ሐዋሳ እንደ መድረስ። እርግጥ ይህ ሁሉ የስሌት ቁጥር ነው። ሰማዩ ሲዘጋ መንገዱም ይረዝማል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኞች በረራ ተዘግቶ አውሮፕላኖች ዞረው ለመሄድ ተገደዋል።

ወደ እናትየው ጥያቄ ስንመለስ፣ ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበትም ሞተሩ የሚስበውም አየር ያንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ብዙ ተንደርድሮ፣ ያውም ቀለል ብሎ መነሳት አለበት። ሰው ይቀነስ፣ ሻንጣ ወይስ ነዳጅ? ነዳጁ ይቀነሳል፤ የእናትየው ሽሮና በርበሬ ይሄዳል። በዚያ ላይ ወደ አሜሪካ ሲኬድ ከምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋ ነዳጅ ያስጨርሳል።

ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ እዚያ ጠግቦ ቀድቶ ይነሳል፤ ያ ሲታገለው የነበረ ነፋስም አሁን ከኋላ ይገፋዋል። 13 ሰዓት ገደማ በርሮ እናትየውን ቦሌ ያወርዳቸዋል።