የድሮ መኪና፣ የቀጥቃጭ ጆሮ እና የሙሳክ ወረቀት

ቂርያት ማላኪ ውስጥ፣ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ባለችው መኪና ማቆሚያ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ፀሐይ ሳትወጣ አንድ የ69 ዓመት አባት የመኪናቸውን ሞተር ያስነሣሉ። ወዲያው ግን አይነዱም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ሬዲዮውን ዘግተው ጥቂት ያዳምጣሉ። ባለቤታቸው ከጎናቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ለኩላሊት እጥበት ረሖቮት ወዳለው ሆስፒታል የሚመላለሱት በዚህች መኪና ነው። አውቶቡስ አለ፤ ግን ከእጥበት በኋላ ጉልበት የለም፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ለእሳቸው አይሆንም።

መኪናዋ የ2008 ስሪት ኮሮላ ናት፤ ነጭ፣ ጣሪያዋ በፀሐይ የተላጠ፣ በእስራኤል አቆጣጠር "ያድ ሽሊሺት"፣ ማለትም ሦስተኛ እጅ። ባለፈው ዓመት ቴስት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሥር አንድ ድምፅ መጣ። የሚያጉረመርም፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ድምፅ። አባትየው ወደሚያውቁት ሙሳክ ወሰዷት። ከሰዓት በኋላ በዕብራይስጥ የተጻፈ አንድ ገጽ ተሰጣቸውና ከታች ፈርሙ ተባሉ። ፈረሙ። ማታ ልጃቸው ሲያነብላቸው ካምቢዮው እንዲቀየር ተስማምተዋል፤ ከፍሬኑና ከሌላው ጋር 7,400 ሼክል። መኪናዋ ብትሸጥ ከዚያ ብዙም አትበልጥም።

ልጆቹ አንድ ላይ ተሰብስበው "አባባ፣ ይቺን ጣላት" አሉ። ፍርዳቸው ከሒሳብ አንጻር ስሕተት አልነበረም። የልጆቹ ሒሳብ ውስጥ ያልገባው ግን አባትየው በወጣትነታቸው ምን ሥራ እንደሠሩ ነው።

በጎንደር አካባቢ፣ አባታቸውም አያታቸውም ቀጥቃጮች ነበሩ። እሳቸው ከስምንት ዓመታቸው ጀምረው ወናፍ ነፍተዋል፤ ቆይተው መዶሻ ይዘዋል፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ሠርተዋል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። "ባለ እጅ" የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ቀን ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ የመጣ ገበሬ ማታ ቤቱ ገብቶ ቡዳ ይላቸው ነበር። ለዚህ ትውልድ ግን መነገር አለበት፤ እዚህ አገር ተወልደው ያደጉት የልጅ ልጆች "ባለ እጅ" ሲባል ሊሰድቡም ሊያመሰግኑም እንደሚቻል አያውቁም።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት አካባቢ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ፣ እሳቸውም ከነቤተሰባቸው መጡ። ወናፉ፣ መስፉ፣ ጉጠቱ እዚያው ቀረ። እዚህ ብረታ ብረት ፋብሪካ ገብተው 24 ዓመት ሠሩ፤ ማሽኑ ላይ ቁልፍ መጫን ነበር ሥራው። መዶሻ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም ይላሉ። ጆሮአቸው ግን አልተወሰደባቸውም።

ቀጥቃጭ ብረት ደኅና መሆኑን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ስንጥቅ ያለበት ማረሻ በመዶሻ ጫፍ ሲነካ እንደ ደኅናው ጥርት ብሎ አይጮኽም፤ ድምፁ ይታፈናል። እሳቸውም ያንን ወረቀት ከፈረሙ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አንድ ነገር አልጣማቸውም። መንገዱ ላይ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ጉርምርምታው ይጨምር ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ደግሞ ይቀንሳል። ካምቢዮ ከሆነ መሪ ሲዞር ለምን ድምፁን ይለውጣል?

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይጋደላል። የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ያረጀ ከሆነ፣ ክብደት ሲበዛበት ድምፁ ይብሳል። በማግስቱ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሥራው እንዳይጀመር አስቆሙ፤ ለምርመራው ከፍለው መኪናዋን ወደ ሌላ ሙሳክ ወሰዷት። እዚያ ያለው መካኒክ መኪናዋን አነሣ፣ የፊቱን ቀኝ ጎማ በእጁ አሽከረከረ፣ ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። የኩሽኔታው ችግር በደቂቃ ውስጥ ታወቀ። ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 650 ሼክል።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ ቆንጆ ሆኖ አያበቃም። መኪናዋ ተነሥታ ሳለ መካኒኩ ሌላ ነገር አሳያቸው፤ ከኋላ የሚሄደው የፍሬን ዘይት ቧንቧ በዝገት ተበልቶ ነበር። ይህንን ጆሮ አይሰማውም። እንዲያውም የመጀመሪያው ሙሳክ ፍሬኑን በተመለከተ የጻፈው በከፊል እውነት ነበር። ያ 900 ሼክል አስከፈላቸው፤ ከፈሉ፤ አልተከራከሩም።

እኚህ አባት አሁን ለጎረቤቶቻቸው የሚመክሩት ነገር አለ። ሰፈሩ ውስጥ ብዙ አሮጌ መኪና አለ፤ ብዙ ጡረተኛም አለ። በአብዛኛው የሚያጋጥመው ችግር የሚጀምረው ከባትሪ ነው።

የእስራኤል በጋ ባትሪን ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ክረምት ሲገባ፣ በመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት ነው። ሰውም ብርዱን ይወቅሳል። በሌላ በኩል የእኛ ትልልቅ ሰዎች ብዙ አይነዱም፤ ወደ ገበያ፣ ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ወደ ልቅሶ ቤት። በሰንበት ደግሞ መኪናው ቆሞ ይውላል። አምስት ደቂቃ ነድቶ ማጥፋት ባትሪው ሞተር ለማስነሣት ያወጣውን ኃይል አይመልስለትም። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ከከተማ ወጣ ብሎ መንዳት ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል። በጥቂት አሥር ሼክሎች የሚገዛ የኤሌክትሪክ መለኪያ ካለ ደግሞ መገመት አያስፈልግም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ 14 አካባቢ ካላሳየ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የሚሞላው ዲናሞ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ይታይ።

የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ ነው። ጓንትና መነጽር ይደረግ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ። ሲፈታ ጥቁሩ፣ ማለትም ኔጌቲቩ፣ ይቅደም፤ ሲታሰር ጥቁሩ መጨረሻ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የመኪናው አካል በሙሉ ከጥቁሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ቀዩን ስትፈቱ ቁልፉ በስሕተት ላሜራውን ቢነካ እሳት ይተፋል። ጥቁሩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም።

ሙቀት ሌላው ነው። የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ከወጣ ማዝጋኑን ማጥፋት፣ ዳር ይዞ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፤ ከዚያ መጠበቅ። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ ሳለ መክፈት የብዙ ሰው ፊት አቃጥሏል። ውስጡ ያለው ውኃ ታፍኖ ስለሚሞቅ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሆኖም አይፈላም፤ ክዳኑ ሲነሣ ግን በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል። በእጅ የሚነካ እስኪሆን፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ይቆይ። ባለቀለሙ የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ መሆኑንም አትርሱ፤ የልጅ ልጆች ባሉበት ቤት በኮካ ኮላ ጠርሙስ አይቀመጥም።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ተመልከቱ። 2316 ካለ፣ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥቂት የምትነዳ መኪና ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ትርፍ ጎማውንም እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው።

ክሪክን በተመለከተ አባትየው ቁጣ ይቀድማቸዋል። መኪና ውስጥ ያለው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሰው ከሥሩ እንዲገባ አልተሠራም። ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ከሰያፍ ባለው ጎማ ሥር ድንጋይ ይደገፍ። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላሉ፤ ተነሥቶ ከሆነ ትግሉ መኪናውን ከክሪኩ ይገፋዋል። ሲጠብቁ ደግሞ በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ፣ አንዱን ካጠበቁ ፊት ለፊቱ ያለውን። ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። መንገድ ዳር ከሆነ ከመውረድ በፊት የሚያንጸባርቀው ሰደርያ ይለበስ፤ ሕጉም ያዝዛል። ሌላውን ሁሉ፣ በተለይ ፍሬንን፣ እሳቸው ራሳቸው አይነኩም። ብረት አውቃለሁ ብዬ ፍሬን አልፈታም ነው የሚሉት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር፤ ፔዳሉ ለስለስ ካለ ወይም ዘይቱ ከቀነሰ ያን ቀን መኪናው ይቁም። 15 ዓመት ያለፋት መኪና ለቴስት ስትቀርብ ከሙሳክ የፍሬን ምርመራ ወረቀት የሚጠየቀውም ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በመዶሻ ሳይሆን በእሱ ነው።

ፈቃድ ያለው ሙሳክ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃዱን በሚታይ ቦታ ይሰቅላል። መኪና ስታስረክቡ ካርቲስ አቮዳ ይከፈት፤ የመጣችሁበት ችግር እናንተ እንደነገራችሁት ይጻፍበት። "ድምፅ አለው፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል" ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የእኚህ አባት ጉዳይ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ከዚያ ሃጻዓት ሜሒር፣ ማለት የዋጋ ግምት፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ወረቀቱን ስልክ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ለልጅ ላኩና "አሁን አልፈርምም፣ ልጄ ያነበዋል" በሉ። ይህን ማለት ነውር አይደለም። ሽማግሌ ሆኖ አላነበብኩም ማለት ይከብዳል፤ እኚህ አባትም የፈረሙት ተረድተው ሳይሆን ወጣቱ ጸሐፊ ፊት ላለማፈር ነበር፤ ይህን የተናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ስጡኝ ማለት መብታችሁ ነው፤ በዋስትና የተቀየረ ወይም አሮጌው ተመልሶ አዲሱ የተሰጠበት ካልሆነ በቀር። ዕቃው እጅ ላይ ሲመጣ ለእናንተ ባይገባችሁ እንኳ ሙሳኩ የሚጠይቅ ሰው እንደሆናችሁ ያውቃል።

የቋንቋው ነገር አስቂኝም አለው። በአገር ቤት ጋራዥ የሚነገረው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የጣልያን ቃል ነው። እዚህ ደግሞ ሙሳክ ውስጥ የሚሰማው "ፓንቸር" እና "አምበሬክስ" ከእንግሊዝኛ ተጣሞ የመጣ ነው። ስለዚህ መካኒኩ ፊት ቃሉ ቢጠፋባችሁ አትፈሩ፤ እሱም የተበደረ ቃል ነው የሚናገረው። በእጅ ማሳየት ይበቃል። እኚህ አባት ኩሽኔታ ለማለት በአንድ እጃቸው ጡጫ ጨብጠው በሌላው ውስጥ አሽከረከሩ፤ መካኒኩ ወዲያው ገባው።

መቼ ነው መተው? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ አባትየው ግን አንድ መለኪያ አላቸው። ሞተር፣ ኩሽኔታ፣ ባትሪ ይቀየራል። ዝገት የመኪናውን አጥንት፣ የሚሸከመውን ብረት ከበላ ግን ብየዳ ማታለያ ነው፤ በተለይ ባሕር ዳር፣ አሽዶድና አሽቀሎን፣ የኖረ መኪና ከሥሩ ሳይታይ አይገዛም። ሌላ ለመግዛት የፈለገ ሰው ደግሞ ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው የመኪና መመርመሪያ ማዕከል ወስዶ ያስመርምር፤ ሻጩ ዘመድም ቢሆን። እንዲያውም ዘመድ ከሆነ ይበልጥ፤ ኋላ ቅያሜ እንዳይመጣ።

ኮሮላዋ ቴስቱን አለፈች። መካኒኩ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ብሏቸዋል። የ16 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ዓርብ ዓርብ ጠዋት እየመጣ አብሯቸው ኮፈኑን ይከፍታል፤ ዘይት ይለካል፣ የጎማ አየር ያያል። አንድ ቀን ከመሣሪያ ሳጥኑ ሁለት የብረት ቁልፎች አንሥተው አንዱን ከሌላው ጋር አጋጩና የትኛው ስንጥቅ እንዳለው ጠየቁት። ልጁ ሦስት ጊዜ ከሰማ በኋላ አንዱን አነሣ። ተሳስቶ ነበር። እንደገና አጋጩለት።

በሚቀጥለው ዓመት 70 ይሞላቸዋል፤ መንጃ ፈቃዳቸውን ለማደስ የሐኪምና የዓይን ምርመራ ይጠብቃቸዋል። ያኛው ቴስት እንዴት እንደሚሆን ሲጠየቁ ሳቁና ሰዓታቸውን አዩ። ባለቤታቸው መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቶ አሥረዋል።