የኮምፒዩተር ዲፕሎማ ምን ያስከፍላል? ምንስ ያስገኛል? የካርቱም ተሞክሮ

በቤተሰብ ዓምዳችን ዘወትር ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የትምህርት ነገር ነው። የአሥር አለቃው ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥቧ ለዲግሪ አልበቃ ሲል፣ ወይም የመቶ አለቃው ባለቤት ልጆቿን ለቁም ነገር ካበቃች በኋላ ሙያ ልያዝ ስትል፣ በቅድሚያ የሚታሰበው አጭሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ዲፕሎማ ሆኗል። የዚህን ትምህርት ወጪና ውጤት ለመመዘን የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ጥሩ ማስረጃ ትሆነናለች። ከመካከላችን በካርቱም የኖረ ወንድም ወይም እኅት ያለው ጥቂት አይደለም፤ ከተማይቱም ይህንኑ ትምህርት በሰላም፣ በማዕቀብና በጦርነት ፈትናዋለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካርቱም ኮምፒዩተርን ዋና ትምህርቱ አድርጎ የተነሣው በ1991 የተከፈተው «ኮምፒዩተር ማን» የተባለው የግል ኮሌጅ ሲሆን፣ ኋላ ፊውቸር ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ከመንግሥት በኩል ደግሞ የቀድሞው የካርቱም ፖሊቴክኒክ በ1990 የሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከዲግሪው ጎን ዲፕሎማ መስጠቱን ቀጥሏል። ዲፕሎማው የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ወደ ዲግሪ መሸጋገር ለሚፈልግ «ተጅሲር» የሚሉት መንገድ አለ፤ ቃሉ በዓረብኛ ድልድይ መዘርጋት ማለት ነው።

ወጪውን ብዙ ቤተሰብ የሚያሰላው በኮሌጁ ደረሰኝ ነው። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ፕሮግራም መጻፍ በጆሮ ሰምቶ የሚያዝ ሳይሆን በየቀኑ እጅን ከመሣሪያ ላይ በማዋል የሚለመድ ሙያ በመሆኑ፣ የራሱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ከፍሎም አልተማረም። መሣሪያው ደግሞ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ነው። በየካቲት 2021 የሱዳን መንግሥት የምንዛሪውን ተመን በአንድ ዶላር ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ከፍ ሲያደርግ፣ ለምሳሌ የ400 ዶላር ኮምፒዩተር በአሮጌው ተመን 22,000፣ በአዲሱ 150,000 ፓውንድ ሆነ ማለት ነው። እርግጥ ነጋዴው ቀድሞውንም በጥቁር ገበያው ዋጋ ይሸጥ ስለነበር መንግሥት ያወጀው ሕዝቡ አስቀድሞ ሲከፍለው የኖረውን ነው። ደመወዝተኛው ግን የሚቀበለው ያንኑ ፓውንድ ነበር።

በዚህ ላይ መብራት አለ። በ2009 የተመረቀው የመረዌ ግድብ 1,250 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ቢኖረውም፣ በበጋው ሐሩር የካርቱም መብራት መጥፋቱን አላቆመም። ሌላው የቋንቋ ዋጋ ነው። ከ1990 ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት በዓረብኛ እንዲሰጥ በመወሰኑ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተማረ የኛ ሰው ልጅ ከኮምፒዩተሩ በፊት ዓረብኛን መማር ነበረበት።

ከሁሉ የከበደው ግን ማንም በደረሰኝ ያልጻፈው ወጪ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1997 የጣለው አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ በ2017 እስኪነሣ ድረስ፣ የካርቱም ተማሪ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ አልነበረውም፤ ሌላው የሚያወርደው የፕሮግራም መሥሪያም ለእርሱ ተከልክሎ ይገኝ ነበር። በ2014 መጀመሪያ «ኮርሴራ» የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት በዚሁ ማዕቀብ ምክንያት ለሱዳን ተማሪዎች በሩን ዘጋ። ጥፋት ያልሠራ ወጣት ስለ ሀገሩ ስም መቀጫ ከፈለ።

ከዚያም ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የትምህርት ተቋማት ተዘጉ፤ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሱዳን ጥናት ማእከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በመተማ በኩል ወደ እኛ ከተሻገሩት መካከል ሱዳናውያንም፣ ለዓመታት በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። ትምህርቱን ለመቀጠል ወይም ሥራ ለመያዝ የሚሻ ተሰዳጅ የትምህርት ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ማኅተሙን የሚያረጋግጠው ቢሮ ጦርነቱ ውስጥ ነበር። የጻፈውን ፕሮግራም ይዞ የወጣው ግን ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው።

የሙያው ጥቅም ጎልቶ የታየውም በዚያው መከራ ነው። ባንኮች በተዘጉበት ወቅት የካርቱም ባንክ ያሠራው «ባንካክ» (በዓረብኛ «ባንክህ») የተባለው የስልክ መተግበሪያ፣ በውጭ የሚኖር ወንድም ለእናቱ የዳቦ መግዣ የሚልክበት ዋና መንገድ ሆነ። በየካቲት 2024 የስልክና የኢንተርኔት መረብ ሲቋረጥ ገንዘብ እያለ ምግብ መግዛት ያቃተው ቤተሰብ ብዙ ነበር። ይህን መሰል ሥራ ከፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅ የሚወጣ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ሙያውን አይንቅም።

ሙያውን ማክበርና ዲፕሎማውን ማመን ግን የተለያዩ ናቸው። በአሜሪካ የሁለት ዓመቱ ትምህርት በሕዝብ ኮሌጅ ለአካባቢው ነዋሪ በዓመት 4,000 ዶላር ያህል ያስከፍላል። የዚያው ሀገር የሥራ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከ2023 እስከ 2033 የፕሮግራመሮች ሥራ በ10 በመቶ ይቀንሳል፣ ሥርዓቱን ነድፈው የሚገነቡት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሥራ ግን ከጥራት ፈታሾቹ ጋር በ17 በመቶ ያድጋል ብሎ ገምቷል። የታዘዘውን ብቻ የሚጽፈውን ሰው ማሽኑ ራሱ እየተካው ነው። ስለሆነም ዲፕሎማው ደረጃው እንጂ ጣሪያው ሊሆን አይገባም፤ «ተጅሲር» የሌለበት ዲፕሎማ በእኔ ግምት ግማሽ ዋጋ ነው።

በሀገራችን በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራም መሠረታዊ ትምህርትን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ባለቤቴ ወይም ልጄ ዝንባሌው አላት ወይስ የላትም የሚል አባል፣ የኮሌጅ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በዚህ ሊፈትነው ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ በራሷ ተነሣሥታ ከመሣሪያው ፊት የምትቀመጥ ከሆነ ክፍያው አያስቆጭም።

ለሠራዊት ቤተሰብ ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ዝውውር ነው። በአንድ ጦር ሰፈር የተጀመረ ትምህርት በሌላው ይቋረጣል። በመሆኑም ከምዝገባ በፊት ኮሌጁ የሙያ ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን፣ የተወሰዱት ትምህርቶች በሌላ ከተማ ተቀባይነት እንዳላቸው፣ በመጨረሻው ዓመት ተማሪዋ የራሷን ፕሮግራም ሠርታ የምታስረክብ መሆን አለመሆኗን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። በየመንፈቁ የውጤት ማስረጃ በማኅተም ይወሰድ፤ የተጻፈው ሥራ ሁሉ ከቤት ውጭ በሌላ ዘመድ ዘንድም ይቀመጥ።